ማየትና መድረስ፤ የልጆች የአንጀት ፖሊፕ በስሜን ተራሮች ግርጌ

ፖሊፕ ከአንጀት የውስጥ ሽፋን ተነሥቶ ምግብ ወደሚያልፍበት ክፍት ቦታ የሚያድግ ትርፍ ሥጋ ነው። በልጆች ላይ በብዛት የሚገኘው የልጅነት ፖሊፕ የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 10 ዓመት ባለው ዕድሜ ይታያል። ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ የሚበቅለውም በትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል ላይ ነው። አናቱ ክብና ቀይ ነው፣ በቀጭን ግንድ ይንጠለጠላል፣ በውስጡም ፈሳሽ የቋጠሩ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉት። ብቻውን የበቀለ የልጅነት ፖሊፕ ወደ ካንሰር ይለወጣል ተብሎ አይፈራም። ሰገራ ሲያልፍበት ግን ይጫጫራል፣ ይደማል። ልጁ ሆዱን አያመውም፤ ይበላል፣ ይጫወታል። ሲጸዳዳ ግን ቅርጹን በጠበቀው ሰገራ ላይ፣ በአንድ ጎኑ የተቀባ የሚመስል ደማቅ ቀይ ደም ይታያል።

«ቅርጹን በጠበቀው» የምትለዋ ነገር በቀላሉ የምትታለፍ ናት፤ የጉዳዩ ግማሽ ግን እዚያ ላይ ነው። በስሜን ተራሮች ግርጌ፣ በደባርቅና በዳባት ዙሪያ፣ ከፍ ሲልም በጃናሞራና በበየዳ፣ የልጅ ሰገራ ላይ ደም ታየ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው አሜባ ነው። ይህም በከንቱ የመጣ ሐሳብ አይደለም። ተላላፊ ተቅማጥ ሕፃናትን ይገድላል፤ ጤና ጣቢያዎች የሚመሩበት የሕፃናት ሕክምና መመሪያም ተቅማጥ የያዘው ልጅ ሰገራው ደም ከቀላቀለ በአንቲባዮቲክ እንዲታከም ያዛል። መንገዱ የሚሳተው ደሙ ያለ ተቅማጥ ሲመጣ ነው። የአሜባ መድኃኒት የሆነው ፍላጂል ተሰጥቶት የተመለሰ ልጅ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያንኑ ደም ይዞ ይመጣል፤ ሁለተኛም ያንኑ መድኃኒት ተቀብሎ ይሄዳል። አንዳንዴ ግንዱ ይረዝምና ልጁ ሲያምጥ ፖሊፑ በፊንጢጣ ብቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ኪንታሮት ነው ተብሎ ወደ ባህል ሐኪም ይወሰዳል። ደሙ ጥቂት በጥቂት እየፈሰሰ ልጁ ይገረጣል።

በሕፃናት አንጀት ውስጥ ፖሊፕን ለማግኘት የትኛው የምስል ዘዴ ይሻላል የሚለው ጥያቄ ለሐኪም ብቻ የተተወ ይመስላል። የሕክምና መጻሕፍት መልሱን በመቶኛ ያስቀምጡታል፤ ይኼኛው ከመቶ ይህን ያህሉን ያገኛል፣ ያኛውን ይህን ያህሉ ያመልጠዋል ይላሉ። «ይሻላል» ያለ ሰው ግን ለምን ጉዳይ እንደሚሻል፣ በማን ዳኝነት እንደተባለና ለየትኛው ልጅ እንደሆነ መናገር አለበት። ያን ጊዜ ነገሩ ከራዲዮሎጂ ክፍል ይወጣና ወደ ፍልስፍናና ወደ ሃይማኖት ይሻገራል። ማየት ማወቅ ነው ወይ? እጅ የማይደርስበትን ማየትስ ግዴታ ነው ወይ?

ከዘዴዎቹ ሁሉ የሚቀድመው ምስል የማይሰጠው ነው፤ ጓንት ያጠለቀ የሐኪም ጣት። ከልጅነት ፖሊፖች ብዙዎቹ በፊንጢጣ አካባቢ ስለሚበቅሉ በጣት ሊዳሰሱ ይችላሉ፤ ከጣቱ ፊት እየሸሸ የሚንሸራተት ለስላሳ እብጠት ሆኖ ይገኛል። ይህ ምርመራ መብራት አይፈልግም፣ ጊዜም አይፈጅም፣ ደባርቅም ዳባትም ሊደረግ ይችላል። የሚያስቀረው ሐፍረት ነው። ልጁ ያለቅሳል፣ እናቱ ትሳቀቃለች፣ ባለሙያውም ወረፋው ረዝሞበት «ሰገራ ይመርመር» ብሎ ያልፋል። ስለ ውድ መሣሪያዎች የሚደረግ ንጽጽር ሁሉ ይህን ነጻ ምርመራ ዘልሎ ከጀመረ ገና ከመነሻው ተንሻፏል።

ባሪየም የተባለውን ነጭ ፈሳሽ በፊንጢጣ አስገብቶ በኤክስሬይ ማንሣት ለብዙ አሥርት ዓመታት ዋናው መንገድ ነበር። ፈሳሹ የአንጀቱን ግድግዳ ይቀባል፤ ፖሊፕ ካለ ቅቡ ጎድሎ ጥላው ይወጣል። ሳይወጣ የቀረ የሰገራ ቁራጭም ያንኑ ጥላ ይሰጣል። ጨረር አለው፣ ትንንሾቹን ይስታል፣ ያገኘውን አይነቅልም፤ ዛሬ ለዚህ ጉዳይ የሚመርጠው ጥቂት ነው።

አልትራሳውንድ ጠለቅ ብሎ መታየት ያለበት ነው፤ ወደ ገጠሩ የመድረስ ዕድል ያለው የምስል መሣሪያ እርሱ ነውና። መሣሪያው የሰው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ሆድ ይልክና የገደል ማሚቶውን ለቅሞ ሥዕል ያደርገዋል። ጨረር የለውም፣ ማደንዘዣ አይፈልግም፣ እናት ልጇን ይዛ ሳለ ይሠራል። የተለማመደ ዐይን ፖሊፑን ሲያገኘው ክብ ሆኖ፣ ውስጡ በጥቃቅን ጥቁር ቀዳዳዎች ተወንፍቶ ያየዋል፤ ጥቁሮቹ እነዚያ ፈሳሽ የቋጠሩ ከረጢቶች ናቸው። የደም ፍሰትን በቀለም የሚያሳየው ዶፕለር ሲከፈት ደግሞ በግንዱ ውስጥ የሚሮጠው የደም ሥር ይታያል፤ ይህም ፖሊፑን ከሰገራ ቁራጭ ይለየዋል፣ ሰገራ የደም ሥር የለውምና። አንጀቱ ተጠርጎ ውኃ ሲሞላ ሥዕሉ ይጠራል። ደካማ ጎኑ ጋዝ ነው፤ አየር የሞላው አንጀት ድምፁን መልሶ ይበትነዋል፣ ከአየሩ ጀርባ ያለው ሁሉ ይሰወራል። ሁለተኛው ድክመት መሣሪያውን ከያዘው ሰው ጋር የተያያዘ ነው። በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎች የገቡት አነስተኛ አልትራሳውንዶች ለነፍሰ ጡሮች ክትትል የመጡ ናቸው፤ የፅንስን አቀማመጥ ለማየት የሠለጠነች አዋላጅ የአራት ዓመት ልጅ አንጀት ላይ ፖሊፕ እንድታገኝ መጠበቅ አይገባም።

ሲቲ ስካን ፈጣን ነው፣ አንጀትንም ከነዙሪያው ያሳያል፤ ዋጋው ጨረሩ ነው። ኤምአርአይ ጨረር የለውም፤ ነገር ግን ልጁ ብዙ ፈሳሽ ጠጥቶ በጠባቡና በጯኺው መሣሪያ ውስጥ ሳይነቃነቅ መቆየት አለበት፣ ትንንሽ ልጆች ደግሞ ይህን ያለ ማደንዘዣ አይችሉትም። ካፕሱል ካሜራ እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ የተፈቀደ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ከ2 ዓመት ጀምሮ ላሉ ሕፃናት እንዲውል ተፈቀደ። 11 በ26 ሚሊ ሜትር የሆነችው እንክብል በባትሪዋ 8 ሰዓት ያህል እየሠራች ከ50,000 በላይ ፎቶ ታነሣለች፤ ቱቦ የማይደርስበትን ትንሹን አንጀት ታሳያለች። መዋጥ የማይችል ልጅ በኢንዶስኮፕ ጫፍ ተሸክመው ካላስገቡለት አይሆንለትም፤ አንጀቱ የጠበበበት ቦታ ካለም ካፕሱሏ እዚያው ትቀራለች። አንድ ጊዜ ካለፈች የምትጣል ውድ ዕቃ ናት፤ ያየችውንም መንካት አትችልም።

ኮሎኖስኮፒ ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው ከማየት አልፎ እጅ ስላለው ነው። ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው ተጣጣፊ ቱቦ በፊንጢጣ ገብቶ እስከ ትልቁ አንጀት መነሻ ይደርሳል። ሐኪሙ ፖሊፑን ሲያገኝ በዚያው ቱቦ የሽቦ ወጥመድ ያስገባል፣ ግንዱን ያንቀዋል፣ በኤሌክትሪክ ሙቀት ይቆርጠዋል፣ ሥጋውንም ለላቦራቶሪ ያወጣል። መንገዱን የጠረጉት እ.ኤ.አ. በ1969 በኒው ዮርክ ይሠሩ የነበሩት ዊሊያም ዎልፍና ሂሮሚ ሺንያ ናቸው፤ ከዚያ በፊት በትልቁ አንጀት ከፍ ብሎ የበቀለውን ፖሊፕ ለማውጣት ሆድ ይከፈት ነበር። ለልጅ ማደንዘዣ ያስፈልጋል፣ አንጀት የመብሳት አደጋው ጥቂትም ቢሆን አለ፣ ከዋዜማው ጀምሮም አንጀቱ መጽዳት አለበት፤ ልጁ ፈሳሽ ብቻ ይወስዳል፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይጠጣል። ኮሶ በሚበቅልበት የስሜን ደጋ ይህ ዝግጅት ለአያቶች እንግዳ አይደለም። ኮሶ ጠጪም ጾሙን አድሮ በማለዳ ይጠጣ፣ የወጣውንም ትል ጭንቅላቱ አብሮ መውጣቱን ለማረጋገጥ ያየው ነበር።

ኮሎኖስኮፒ የሌሎቹ ዘዴዎች ሁሉ መለኪያ ተደርጎ ይያዛል። አልትራሳውንድ «ፖሊፕ አለ» ብሎ ኮሎኖስኮፒ ካላገኘው አልትራሳውንዱ ተሳሳተ ይባላል። እዚህ ላይ ዳኛውና ተከራካሪው አንድ ሰው ሆነዋል። ኮሎኖስኮፒ ራሱ ከአንጀት እጥፋት ጀርባ የተሸሸገ ፖሊፕ ካለፈው፣ ስሕተቱ በትክክል ባየው ዘዴ ላይ ይጻፋል። ይህን አዙሪት ለመስበር የተሞከረበት መንገድ ሊታወቅ የሚገባው ነው። ፔሪ ፒክሃርትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት 1,233 የሕመም ምልክት የሌላቸው አዋቂዎች በአንድ ቀን ሲቲ ኮሎኖግራፊም (ትልቁን አንጀት በሲቲ ማየት) ኮሎኖስኮፒም አደረጉ። ቱቦውን የሚመራው ሐኪም የሲቲውን ውጤት አያውቅም፤ አንዱን የአንጀት ክፍል አይቶ ከጨረሰ በኋላ ብቻ ይነገረዋል። ሲቲው ያየውን እርሱ ካላየ ተመልሶ ይፈትሻል። እንዲህ ሲዳኙ 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑትን፣ ወደ ካንሰር ሊለወጡ የሚችሉትን ፖሊፖች ሲቲው 93.8 በመቶ፣ ያልተነገረው ኮሎኖስኮፒ ደግሞ 87.5 በመቶ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ የጥናቶች ስብስብም በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ኮሎኖስኮፒ የተደረገላቸውን አዋቂዎች አይቶ፣ የመጀመሪያው ዙር ከጠቅላላው ፖሊፕ 22 በመቶውን፣ ከትልልቆቹ ግን 2.1 በመቶውን ብቻ እንዳለፈ አሳየ። የአዋቂ ፖሊፕ ብዙ ጊዜ ትንሽና ጠፍጣፋ ነው፣ የልጅ ግን ትልቅና በግንድ የተንጠለጠለ ነው፤ ስለዚህ እነዚህ ቁጥሮች እንዳሉ ወደ ሕፃናት ክፍል አይሻገሩም። የሚሻገረው ነገር መለኪያ የተባለውም መለካት እንዳለበት ነው።

ካናዳዊው ፈላስፋ ኢያን ሃኪንግ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፉ በማይክሮስኮፕ ስለሚታዩ ነገሮች ተመሳሳይ ጥያቄ አንሥቷል፤ በመሣሪያ የታየው ነገር በእርግጥ አለ ወይስ መሣሪያው የፈጠረው ጥላ ነው? መልሱ ሁለት እግር አለው። በአሠራራቸው የማይገናኙ ሁለት መሣሪያዎች አንድ ዓይነት ነገር ካሳዩ፣ ሁለቱም በአጋጣሚ አንድ ዓይነት ውሸት ዋሹ ማለት ይከብዳል። ከዚያ የሚበረታው ደግሞ ነገሩን መንካት፣ መለወጥና መጠቀም መቻል ነው። የልጅ ፖሊፕ ይህን ክርክር በጉልህ ያሳያል። በድምፅ ማሚቶ የተገኘው ክብ ነገር በብርሃንም ከተገኘ መኖሩ ጸና፤ ወጥመዱ አንቆ ካወጣው በኋላ ደሙ ከቆመ ደግሞ መኖሩ ብቻ ሳይሆን የደሙ ምንጭ መሆኑም ታወቀ። በዚህ ሚዛን የሐኪሙ ጣት ከካፕሱሏ ይበልጣል፤ ዝቅ ብሎ የበቀለውን ፖሊፕ ያገኘ ጣት በማደንዘዣ ሥር ወደ ውጭ ስቦት፣ ቀዶ ሐኪም ግንዱን አስሮ ሊቆርጠው ይችላልና። ሃምሳ ሺህ ፎቶ ያነሣችው ካፕሱል ይህን አታደርግም።

«ምንም አልታየም» የሚለው ውጤት ከ«ታየ» ይልቅ ብዙ ሰው ያሳስታል። አንጀቱ ሳይጸዳ፣ ጋዝ ሞልቶት፣ ወረፋ በበዛበት ክፍል የተደረገ አልትራሳውንድ ምንም ካላገኘ የተረጋገጠው ነገር በዚያ ሰዓት በዚያ መንገድ አለመታየቱ ብቻ ነው። የውጤቱ ክብደት ከምርመራው በፊት በነበረው ጥርጣሬ ልክ ይመዘናል፤ ይህን ስሌት ያስቀመጠው ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1763 ጽሑፉ የታተመለት የእንግሊዝ የፕሮቴስታንት ሰባኪ ቶማስ ቤይዝ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ያለ ሕመምና ያለ ተቅማጥ ለወራት ደማቅ ደም ካሳየ ጥርጣሬው ከመነሻው ከባድ ነው፤ አንድ ደካማ «የለም» አይሽረውም። አንድ ቀን ብቻ በተቅማጥ መሃል ደም ያየ ልጅ ዘንድ ግን ያው «የለም» በቂ ነው።

የሲቲ ጨረር የሚያነሣው ጥያቄ ሌላ ነው። የብሪታንያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ላንሴት በተባለው መጽሔት ከ22 ዓመት ዕድሜ በታች ሳሉ ሲቲ የተነሡ ከ178,000 በላይ ሰዎችን ተከታትለው፣ ከ10 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ከሚነሡ 10,000 የጭንቅላት ሲቲዎች በቀጣዮቹ 10 ዓመታት አንድ ተጨማሪ የደም ካንሰርና አንድ ተጨማሪ የአንጎል ዕጢ እንደሚጠበቅ ገመቱ። አደጋው ትንሽ ነው። ከበድ የሚያደርገው ፊት የሌለው መሆኑ ነው፤ ከ10,000ው ማን እንደሆነ አስቀድሞም በኋላም አይታወቅም፣ ካንሰሩ ሲመጣም ከዚያ ምርመራ መምጣቱን የሚመሰክር የለም። ሐኪም የሚያውቀው ጉዳት በሽተኛው ተመልሶ መጥቶ የሚያሳየውን ነው፤ ይህ ግን ማንም ተመልሶ ሊያሳየው የማይችል ነው። ሥነ ምግባሩ ታዲያ በጸጸት ላይ ሊቆም አይችልም፤ ቀድሞ በተያዘ ደንብ ላይ ነው የሚቆመው፤ ቀጣዩን እርምጃ የማይለውጥ ምስል አይነሣም በሚል። በትልቁ አንጀት ላይ ይኖራል ተብሎ ለተጠረጠረ አንድ የልጅነት ፖሊፕ ሲቲ ማንሣት ይህን ደንብ አያልፍም፤ ምስሉ ፖሊፑን ቢያሳይም ባያሳይም ልጁ ኮሎኖስኮፒ ያስፈልገዋልና።

በኦርቶዶክሳዊት ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሰውን ልብና ኩላሊት የሚመረምር አምላክ ነው። ይህን ይዞ በሥጋ ውስጥ ማየትን እንደ ድፍረት የሚቆጥር ሰው ቢኖር ቃሉን ስቶታል፤ እዚያ የተባለው ስለ ሐሳብና ስለ ምኞት ነው፣ ስለ አንጀት አይደለም። ከፋሲካ ቀጥሎ ባለው እሑድ፣ በዳግማይ ትንሣኤ፣ የሚነገረው የሐዋርያው ቶማስ ታሪክ ለዚህ ጉዳይ ይበልጥ ይቀርባል። ቶማስ ማየት ብቻ አልበቃውም፤ የተነሣውን ክርስቶስ መዳሰስ ፈለገ። የተሰጠው መልስ ዳሰሳውን ከለከለ አይባልም፤ ተፈቅዶለታል፣ ሳያዩ የሚያምኑ ግን ተመስግነዋል። ሐኪም ግን በዚያ ብፅዕና ሥር አይመደብም። ሳያይ የሚያምን ሐኪም አሜባ ነው ብሎ አምኖ ሁለት ጊዜ ፍላጂል የሚሰጠው ነው።

ከዚህ የሚበረታው የሃይማኖት ጥያቄ የሚመጣው ከፖሊፑ ጠባይ ነው። የልጅነት ፖሊፕ አንዳንዴ ራሱ ይወድቃል፤ ግንዱ ይጠማዘዛል፣ ደም ያጣል፣ ይበጠሳል፣ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ደሙም ያን ቀን ይቆማል። ልጁ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ጠበል ጠጥቶ ከነበረ ጠበሉ አዳነው፤ የባህል ሐኪም ቅጠል ሰጥቶት ከነበረ ቅጠሉ፤ ሦስተኛውን ፍላጂል ውጦ ከነበረም ፍላጂሉ። ሦስቱም ቤተሰቦች ያዩት አንድ ነው፤ ሦስቱም እውነት ይናገራሉ፣ ደሙ ቆሟልና። የሚለያዩት በምክንያቱ ነው፤ ምክንያቱን ደግሞ ዐይናቸው አላየም። ፖሊፑ ቀድሞ በምስል ታይቶ፣ ሳይነካ ቆይቶ፣ በኋላም አለመኖሩ ቢታይ ምን እንደሆነ ይታወቅ ነበር። ይህም ምስጋናን የሚነሳ አይደለም። ግንዱ በራሱ ተበጠሰ የሚል ሐተታ «እንዴት?» ለሚለው መልስ ነው፤ ጸሎት የሚያቀርበው ምስጋና ደግሞ «በማን?» ለሚለው። ሁለቱን አንዱ ሲገባ ሌላው የሚወጣባቸው አድርጎ የሚያይ ሰው ከሐኪሞችም ከምእመናንም ይገኛል፤ ሁለቱም ወገን ተሳስቷል። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን የፈጠረው፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው አንዱ አምላክ መሆኑን ያስተምራል፤ በእስልምናም በአላህ መመካት መድኃኒት ከመሻት ጋር አይጣላም። በደባርቅ ከጠበል የተመለሰ ልጅ ሆስፒታል ቢገባ የሚከለክለው ሃይማኖት የለም። በተግባር የሚከለክለው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ጠበሉ ቀድሞ ወራት ከወሰደ ልጁ ደም አንሶት ይደርሳል፤ ደም ባነሰው ልጅ ላይ ደግሞ የማደንዘዣው አደጋ ይጨምራል።

ዳባት በዚህ ክርክር ውስጥ የተለየ ቦታ አላት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በወረዳዋ የሥነ ሕዝብና የጤና ክትትል ጣቢያ አለው፤ መረጃ ሰብሳቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ይመዘግባሉ። ሰው ሲሞት አስከሬን አይመረመርም፤ ቤተሰቡ ስለ መጨረሻዎቹ ቀናት ይጠየቃል፣ ሐኪሞችም መጠይቁን አንብበው የሞቱን ምክንያት ይወስናሉ። ይህ ምስል አልባ ምርመራ ነው፤ ሥጋ ውስጥ የነበረው በቤተሰብ ትዝታ በኩል ይታያል። ለሟቹ አይጠቅመውም፣ ለሕዝቡ ግን ይጠቅማል፤ ክትባት የት እንደሚጎድል፣ ተቅማጥ የት እንደሚገድል ያሳያል። ማየት የሚገባው መፍትሔ ለሚደርስበት ብቻ ነው የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ይላላል፤ መድረሱ ለሌላ ሰውና ለሌላ ዓመት ሊሆን ይችላልና። ይሁንና በሞት ላይ የተመሠረተ መዝገብ የማይገድለውን አያይም። ለዓመታት የደማ፣ የገረጣና ከትምህርት ቤት የቀረ ልጅ በዚያ መዝገብ በሕይወት ያለ ተብሎ ብቻ ይቀመጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተመው የዊልሰንና የዩንግነር ጽሑፍ ምልክት የሌላቸውን ሰዎች ለመመርመር መሟላት ካለባቸው ነገሮች አንዱ፣ ለተገኘው በሽታ ተቀባይነት ያለው ሕክምና መኖሩ ነው ይላል። ደም ያየ ልጅ ምልክት አለው፤ ለእርሱ ግዴታው የተለየ ነው። መመርመሩ የግድ ነው፤ የሚቀረው ጥያቄ በየት በኩል የሚለው ነው። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከዳባት ደግሞ 75፤ ከበየዳ ለሚመጣ ግን መንገዱ ከደባርቅ በፊት ብዙ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1954ቱ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተወለደው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚህ አካባቢ የሪፈራሉ መዳረሻ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን የሕክምናውን ወጪ የሚሸፍነው ልጁ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ የሪፈራሉን ደረጃ ተከትሎ ከወጣ ነው። መሳፈሪያውን፣ የአልጋውን ኪራይና የታረሰውን መሬት ትቶ የመጣውን አባት ጊዜ አይሸፍንም። የምስል ዘዴዎችን በመቶኛ ብቻ የሚያወዳድር ሠንጠረዥ ይህን ወጪ የሚያስገባበት ዓምድ የለውም፤ ገበሬው ግን የሚከፍለው በዚያ ዓምድ ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ሲታይ የዘዴዎቹ ቅደም ተከተል ከመጻሕፍቱ ይለያል። በደባርቅ መጀመሪያ ጥያቄው ይመጣል፤ ተቅማጥ አለ ወይስ የለም። ቀጥሎ ጣት፣ የሰገራ ምርመራና የደም መጠን። የሠለጠነ እጅ ካለ አልትራሳውንድ፤ ፖሊፑን ካገኘ መላኩን ያፋጥናል፣ ካላገኘ ግን መላኩን አያስቀርም። ከዚያ አንድ ጉዞ፣ አንድ ማደንዘዣ፣ አንድ ኮሎኖስኮፒ፤ ማየትና ማውጣት በአንድ ቀን። ፖሊፖቹ አንዳንድ ጊዜ በትልቁ አንጀት ላይኛው ክፍል ላይም ስለሚገኙ ታችኛውን ብቻ አይቶ መመለስ አይበቃም። ሁለት ጊዜ የሚያስኬድ የተሻለ ምስል አንድ ጊዜ ከሚያስኬድ መካከለኛ ምስል ያንሳል፤ ሁለተኛውን ጉዞ የማይመለሱ ልጆች አሉና።

ካፕሱልና ኤምአርአይ የሚያስፈልጓቸው ልጆች ጥቂት ናቸው፤ ለእነርሱ ግን ምትክ የላቸውም። አምስትና ከዚያ በላይ የልጅነት ፖሊፕ የተገኘበት ልጅ፣ ወይም አንድም ቢሆን ኖሮት ወላጁ ይኼው በሽታ ያለበት፣ በዘር የሚወርድ ሕመም ይጠረጠርበታል፤ የካንሰር አደጋውም ከዚያ በኋላ ተራ አይደለም። ፒውትስ–ጄገርስ የሚባለው ሕመም ደግሞ ፖሊፑን በትንሹ አንጀት ያበዛል። ፖሊፑ ሲያድግ አንዱን የአንጀት ክፍል ወደ ሌላው ጎትቶ ያስገባዋል፤ ይህ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ጉዳይ ነው፣ ሕመሙ ካለባቸው ግማሽ ያህሉን እስከ 20 ዓመታቸው ያገኛቸዋል። የሚያስገርመው የመጀመሪያው ምልክት በየትኛውም መሣሪያ ሳይሆን በእናት ዐይን የሚታይ መሆኑ ነው፤ በከንፈርና በአፍ ውስጥ ጥቋቁር ነጠብጣቦች። ከወላጅ ወደ ልጅ ስለሚወርድ የእናትም አፍ ይታያል፤ ድዷን በተነቀሰች እናት ግን የንቅሳቱን ጥቁረት ከሕመሙ ነጠብጣብ መለየት ጥንቃቄ ይጠይቃል። የአውሮፓ የሕፃናት ጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የትንሹ አንጀት ክትትል ምልክት ባይኖርም እስከ 8 ዓመት ዕድሜ እንዲጀመር ይመክራል። ካፕሱሏ ትንንሾቹን ይበልጥ ታገኛለች፤ ኤምአርአይ የትልልቆቹን መጠንና ቦታ ይበልጥ በትክክል ይናገራል። የሚወጣው ደግሞ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር የደረሰው ስለሆነ፣ ካፕሱሏ በብዛት ማግኘቷ ብቻ አታስበልጣትም። ይህ ክትትል ዕድሜ ልክ ይመላለሳል። የስምንት ዓመት ልጅ ደግሞ ይጠየቃል፣ ይረዳልም፤ ምን እንደሚገባበትና ለምን እንደሆነ ሳይነገረው መያዝ የለበትም፣ ፈቃዱ በሕግ ከወላጁ ፈቃድ በታች ቢሆንም።

ለተራው ጉዳይ የቀረው የወረቀት ሥራ ነው። ከደባርቅ ወደ ጎንደር የሚሄደው የሪፈራል ወረቀት «አልትራሳውንድ፦ ኖርማል» ብቻ ካለ ተቀባዩን ሐኪም አይጠቅመውም። ደሙ ከመቼ ጀምሮ እንደታየ፣ ሰገራው ቅርጽ እንዳለው፣ በጣት ተዳስሶ ምን እንደተገኘ፣ የሄሞግሎቢኑ መጠን፣ አልትራሳውንዱ የተደረገው አንጀቱ ጸድቶ ወይስ በጋዝ ተሞልቶ እንደሆነ፣ የትኛው የአንጀት ክፍል ሳይታይ እንደቀረ፣ ከቤተሰቡም ተመሳሳይ ሕመም ያለበት ሰው መኖሩ መጻፍ አለበት። ከጎንደር ሲመለስም ስንት ፖሊፕ እንደወጣ፣ ቱቦው እስከ የት እንደደረሰና የላቦራቶሪው ውጤት ለወላጁ በጽሑፍ ይሰጣል፤ ደሙ ዳግም ቢታይ ቀጣዩ ሐኪም የሚነሣው ከዚያ ነው።